ዳማና ሉሉ እስኪላመዱ

እናቴ ወደ ግቢያችን ስትገባ ያየሁት እሷን አልነበረም፤ የያዘችውን ካርቶን ነው። የብስኩት ካርቶን ነበር። ጎኑ በቢላዋ ተበሳስቷል፤ በአንደኛው ቀዳዳ ቢጫ ዓይን ብቅ ብሎ ያየኛል። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሴትዮዋ እናቴ መሆኗን አላውቅም። የድመት ባለቤት ናት ብዬ ነው የተቀበልኳት፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ ከዚህ የተሻለ ማዕረግ አልሰጠኋትም።

ደግሞስ እናት ነበረችኝ። ሸዋርጋ ትባላለች፤ "እማ" እላታለሁ። ባሏ ደራራ በሮቤና በጎባ መካከል ሚኒባስ ይነዳል፤ እሱን "አባ" እለዋለሁ። ካርቶኑን ይዛ የመጣችው ሰርክአዲስ የእማ ታናሽ እህት ናት። አባቴ እኔ ሳልወለድ በመኪና አደጋ ሞተ፤ እሷም እኔ ገና ዳዴ ስል ለእህቷ አደራ ሰጥታኝ ቤይሩት ሰው ቤት ልትሠራ ሄደች። አፌን ስፈታ ከፊቴ ያገኘሁትን ሰው "እማ" አልኩ። ሸዋርጋ ልታርመኝ ሞክራ ነበር አሉ፤ በስልክ የሰማችው ሰርክአዲስ ግን "ተያት በናትሽ፤ እስክመጣ ድረስ 'እናቴ የት አለች' እያለች አትደግ" አለቻት። ከዚያ ወዲህ ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ እውነቱን የሚናገር ደፋር ጠፋ።

ያኔ እኔ የማውቀው በስልክ "የኔ ሆድ" የምትለኝ፣ በዓል ሲደርስ ጫማ የምትልክልኝ "እትዬ ሰርኬ" የምትባል ዘመድ እንዳለችን ብቻ ነው። ቤይሩትም ከጎባ ትንሽ አለፍ ብሎ ያለ አገር ይመስለኝ ነበር። አዲስ ሸሚዝ የሚመጣው ከጎባ ነው፣ የሩቅ እንግዳም ከጎባ ነው፤ ሁሉንም የሚያመጣው ደግሞ አባ ነው።

የዚያን ቀን ግቢው ጭቃ ነበር። ሴትዮዋ ከሚኒባሱ ወርዳ በሩን እንዳለፈች ቆመች፤ ከዚያ ካርቶኑን እንደያዘች እጭቃው ላይ ተንበረከከች። ፊቷ ከፊቴ ትክክል ሆነ። ካርቶኑን ግን አላስቀመጠችውም፤ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛዋለች። ካርቶኑ ከብዷት ነው ብዬ፣

"ላግዝዎት?" አልኳት።

"አንቺ በያት" አለችኝ እማ ከኋላዬ።

እንግዳን፣ ለዚያውም አይቼው የማላውቀውን ትልቅ ሰው፣ አንቺ ማለት በእኛ ቤት ያስቆነጥጥ ነበር። ስለዚህ ሴትዮዋ እምብዛም የምትከበር አይደለችም ብዬ ደመደምኩ።

"ላግዝሽ?"

"አግዢኝ" አለች። ካርቶኑን አብረን ያዝን። ዳማ የደረሰው ይሄኔ ነው።

ዳማ ቡችላዬ ነው። አንድ የገሰራ ተሳፋሪ ለአባ የሰጠው፣ ቀለሙ ዳማ ስለሆነ ስሙም ዳማ የተባለ፣ ጆሮው ከጭንቅላቱ የሚበልጥ ፍጥረት። የሚያውቀው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ማባረር። ዶሮ ያባርራል፣ ፌስታል ያባርራል፣ በመንገድ የሚያልፍ የጋሪ ፈረስ ያባርርና ፈረሱ ዞር ሲልበት እያለቀሰ ወደ እኔ ይመለሳል። ካርቶኑን እንዳሸተተ ጮኸ። ከውስጥ ጎማ ሲተነፍስ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ወጣ፤ ካርቶኑም በእጃችን ላይ ዘለለ። አባ ዳማን በማጅራቱ አንጠልጥሎ ገለል አደረገው።

"ሰሬፊ አዱሬ አንድ ግቢ ውስጥ!" አለ አባ፤ ውሻና ድመት ማለቱ ነው። "ይሄ ነገር አይሆንም ብዬሽ ነበር።"

"ይሆናል" አለች ሰርክአዲስ። "ዛሬ ብቻ አይተያዩ። ሽዋይ ሽዋይ።"

"ሱታ ሱታ ነው የምትልህ" አለችው እማ።

ሽዋይ ሽዋይ ዓረብኛ ነው፤ እንደ ኦሮምኛው ሱታ ሱታ፣ ቀስ በቀስ ማለት። እኔ ግን የድመት ቋንቋ መስሎኝ ለዶሮዎችም ይሠራ እንደሆነ ብዬ ሞከርኩት። አልሠራም።

ሰርክአዲስ ቤይሩት ማዳሟ ቤት ድመትና ውሻ አላምዳ አኑራለች። አሠራሩን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ነገረችን። መጀመሪያ አይተያዩም፤ ይሸታተታሉ ብቻ። ሉሉ የምትባለው ድመት በሩ ተዘግቶባት ጓሮ ካለው ሰርቪስ ቤት ትቀመጣለች። እሷ የተኛችበት ጨርቅ ለዳማ፣ ዳማ የተኛበት ጆንያ ለእሷ ይሰጣል። ቀጥሎ በሩ ሳይከፈት አንደኛው ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ ሆነው ይበላሉ። በሩ የሚከፈተው የአንዱ ሽታ ሌላውን ማስቆጣት ሲተው ነው። "ከተጣደፍን ይፈራራሉ" አለች፤ "አንዴ ከተፈራሩ ደግሞ ማስታረቁ መከራ ነው።"

ጎረቤታችን እትዬ ሲምቦ ይህን ስትሰማ በሳቅ ፈነዳች።

"ድመት በጆንያ ታመጫለሽ፣ ቤት ውስጥ ትለቂያታለሽ፣ አይጥ ትይዛለች፣ በቃ! የምን ሽምግልና ነው ይሄ?" አለች። ከዚያ እኔንና ሰርክአዲስን ተራ በተራ አየችና "ዋቃዮ! ምን ያለ መመሳሰል ነው!" ብላ አፏን ያዘች። እማ በክርኗ ጎነጥ አደረገቻት።

ዳማም ሉሉም ቡናማ ስለሆኑ ነገሩ ትክክል መሰለኝ። "አዎ፤ ጭራቸው ብቻ ነው የሚለያየው" አልኳት።

ሰርክአዲስም ከሉሉ ጋር ሰርቪስ ቤት ገባች። ትልቁ ቤት ውስጥ ባዶ ክፍል እያለ እንግዳ ጓሮ መተኛቷ አልገረመኝም፤ ድመት ብቻዋን እንዴት ትደር? ብዙ ዓመት ቆይቶ አባ ነገረኝ። ያን ክፍል እማ መጋረጃ ቀይራ፣ አልጋ አንጥፋ ጠብቃት ነበር። እምቢ ያለችው ሰርክአዲስ ናት። "የልጅቷ ቤት ነው፤ ዘው ብዬ አልገባባትም" አለች። ከዚያም በፊት ቢሆን ጎባ ደርሳ ሳምንታት ሙሉ ከአንዲት ጓደኛዋ ቤት ተቀምጣለች፤ ጎባ እኮ ከእኛ ቤት በሚኒባስ የአጭር ጊዜ መንገድ ነው። አባ በየቀኑ ተሳፋሪ አውርዶ በዚያ ያልፍ ነበር። "ዛሬስ?" ይላታል። "ነገ" ትለዋለች። ሉሉን ያገኘቻት እዚያ ነው። "ፌበን ቡችላ አላት አይደል? ድመቷን ይዤ ብመጣ ምክንያት ትሆነኛለች" ያለችውም ራሷ ናት።

ከትምህርት ቤት ስመለስ የሁለቱ ምሳ ሰዓት ነው። አባ ከሥጋ ቤት የሚያመጣው የበሬ ሳንባ ተቀቅሎ ይከተፋል፤ ግማሹ ውጭ ለዳማ፣ ግማሹ ውስጥ ለሉሉ። እኔ ዳማን ይዤ ደጃፉ ላይ እቀመጣለሁ፤ ሰርክአዲስ ውስጥ ወለሉ ላይ። በሩ ሥር ባለው ክፍተት ሁለት አፍንጫ ከውስጥና ከውጭ ይሸታተታል። እኛ ደግሞ ያንኑ በር ተደግፈን እናወራለን።

"ዳማ ምን ይወዳል?" ትለኛለች ከውስጥ።

"ሳንባ። በቅቤ የታሸ ጩኮም ይወዳል፤ ለእማ እንዳትነግሪያት።"

"አንቺስ?"

"እኔም ጩኮ።"

"ሲተኛ ይቃዣል?"

"እግሩን ያንፈራግጣል።"

"አንቺስ?"

"እኔ አሁን ትቻለሁ። ድሮ ነበር።"

"ድሮ ምን ይታይሽ ነበር?"

ስለ ዳማ የምትጠይቀኝ ወዲያው ያልቅና ስለ እኔ ይሆናል። ጨዋ ሰው ናት፣ ይሉኝታ ይዟት ነው እል ነበር። ስለዚህ እኔም በይሉኝታ እመልሳለሁ፤ ጥርሴን ከበረንዳው ጣሪያ ላይ እንደወረወርኩት፣ ጎኔ የሚቀመጠው ጅሩ እርሳሴን እየቀረጠፈ እንደጨረሰው፣ መብራት ሲጠፋ እንደምፈራ። ለእማ ያልነገርኳትን ሁሉ ለዚያ በር ነገርኩት። አንዳንዴ በሩን በጣቴ አንኳኳለሁ።

"አለሽ?"

"አለሁ" ትለኛለች፤ ድምጿ ግን ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል። የእኛ አገር ብርድ አልተስማማትም አልኩ።

ዛሬ አጋርፋ ውስጥ ትንንሽ ልጆችን አስተምራለሁ። የትምህርቱ መጀመሪያ ቀን አንዱ ልጅ ጥግ ይዞ አልናገርም ሲለኝ ስለ ራሱ አልጠይቀውም፤ ቤታቸው ስላለው በግ ነው የምጠይቀው። ይህን ማንም ኮሌጅ አላስተማረኝም።

ዳማ እያደር መጮህ ተወ። በሩ ሥር ጋደም ብሎ ሳንባውን እየጠበቀ ያንቀላፋል። እኔም ደወል እንደተደወለ ቦርሳዬን እያንገጫገጭኩ እሮጣለሁ። እማ "ዳማ ናፈቀሽ?" ስትለኝ "አዎ" እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ዳማ ሌላ ቦታ ሲጫወት ባገኘው ጎትቼ በሩ ጋ የምወስደው እኔ ነበርኩ።

በዚያ ሰሞን እማ ተለዋውጣ ነበር። ወጡ ጨው ይበዛበታል። ፀጉሬን ስትሠራኝ ጨርሳ ትፈታዋለች፣ ደግማ ትሠራዋለች፤ ራሴን እያመመኝ "በቃ!" ስላት "ትንሽ ቀረኝ፣ ትንሽ" ትላለች። እጇ ላይ ያቆየችኝ የፀጉሩ መንገድ ጠሞባት አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ወጥ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ሁለቱ እህትማማቾች ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሽንኩርት ይከትፋሉ።

"ማዳም ደወለችልኝ" አለች ሰርክአዲስ። "ወረቀቱን ጨርሻለሁ፣ ነይ ትላለች። እዚህ አልሆን ካለኝ እመለሳለሁ ሸዋዬ።"

"ሆነም አልሆነም የምጎዳው እኔ ነኝ" አለች እማ። "ብትሄጂ እህቴን አጣሁ፤ ብትቀሪ ደግሞ..." ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። "እንጃ፤ እግዜር ያውቃል።"

ሽንኩርቱ ነው አልኩ። የቀረው ግን ግልጽ ሆነልኝ። ሴትዮዋ ልትሄድ ነው፤ የምትሄደውም ዳማ ለድመቷ ስላልተመቻት ነው። ሌላ ምን ምክንያት ሊኖር ይችላል? አንደኛዋ "ልጄ አትቀበለኝም" ብላ፣ ሌላዋ "ልጄ ትተወኛለች" ብላ በአንድ መክተፊያ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ይሰጉ ነበር። ለእኔ የታየኝ አንድ ጥፋተኛ ቡችላ ብቻ ነው። እና ነገሩን ራሴ ልጨርሰው ቆረጥኩ።

ሰርክአዲስ ጀሪካን ይዛ ወደ ቧንቧው ስትሄድ ዳማን አቅፌ የሰርቪስ ቤቱን በር ከፈትኩ። ሉሉ ፍራሹ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች።

"ተዋወቁ" አልኳቸው።

የሆነው ሁሉ ባንዴ ሆነ። ዳማ ደስ ብሎት ከእጄ ዘለለ። ሉሉ አበጠች፤ እጥፍ ሆነች። ልይዘው ስወረወር ክንዴ መሃላቸው ገባ። ሉሉ የዳማን አፍንጫ በአንድ መዳፍ፣ የእኔን ክንድ ደግሞ ከክርኔ እስከ አንጓዬ ቧጭራ በትከሻዬ ላይ ተረማምዳ ወጣችና ጓሮ ያለው ጥድ ላይ ተሰቀለች። ዳማ ጥግ ይዞ ያለቅሳል፤ እኔም አብሬው።

ሰርክአዲስ ጀሪካኑን ጥላ ስትሮጥ አየኋት። ዝናብ ጀምሯል። ሉሉ ጥዱ ላይ ሆና ትጮኻለች። ሴትዮዋ ግን በጥዱ ሥር ስታልፍ ቀና ብላ እንኳ አላየችም፤ ቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ተሸክማ ቧንቧው ጋ ወሰደችኝና ክንዴን በሳሙና ታሸው ጀመር፤ ታለቀልቃለች፣ ደግማ ታሻለች። "ልጄን! ልጄን!" ትላለች። በእኛ ሰፈር ትልቅ ሰው ሁሉ ማንንም ልጅ "ልጄ" ስለሚል እሱ አልደነቀኝም። የደነቀኝ ሌላ ነው።

"ሉሉ እኮ ልትጠፋ ነው!" አልኳት።

"ትጥፋ!" አለችኝ።

ለዚያች ድመት ስትሳሳ የከረመች ሰው እንዲህ አለች።

እማ ፎጣ ይዛ ከቤት ወጣች። በረንዳው ጫፍ ስትደርስ ቆመች። እኔ ስወድቅ በባዶ እግሯ የምትሮጠው እማ፣ ያን ቀን ዝናቡን ፈርታ የቆመች መስሎኝ ተቀየምኳት። ትልቅ ሰው ሆኜ ጠየቅኳት። "አንዱ እግሬ ወጥቶ ነበር" አለችኝ። "ከዚያ አየኋት። እኔ ከደረስኩ እሷ እጇን እንደምትሰበስብ ገባኝ። እና ቆምኩ። እንደዚያ የከበደኝ ነገር አላውቅም።" ትዝ ይለኛል፤ ደረቁን ፎጣ በሁለት እጇ እንደ እርጥብ ልብስ ትጨምቀው ነበር።

አባ ሌላ ተሳፋሪ ሳይጭን ጎባ ወሰደን፤ መርፌ ተወጋሁ። ሰርክአዲስ ሌላኛውን እጄን ይዛ ከእኔ በላይ አለቀሰች። ስንመለስ ሉሉ ራሷ ከዛፉ ወርዳ ፍራሿ ላይ ተኝታ አገኘናት፤ ያን ቀን ስለ እሷ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የሰርቪስ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰርክአዲስ ልብሷን እያጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከታለች። ይህንን እንኳ በትክክል ነው ያየሁት፤ ልትሄድ ነበር። "ከእኔ ያተረፈችው ቁስል ብቻ ነው" ብላ ለእማ ነግራታለች፤ ለማዳሟም "እመጣለሁ" ብላ ደውላለች።

እኔ ግን ምክንያቱን አሁንም የማውቀው እኔ ነበርኩ። ሮጬ ዳማን በገመድ አሰርኩት። የተቧጨረ አፍንጫው ላይ ቅባት ተቀብቷል። ስጎትተው ጨዋታ መስሎት ይዘላል፤ ያስለቀሰኝ እሱ ነው። ሰርክአዲስ ፊት ስደርስ ገመዱን ዘረጋሁላት።

"ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ዳማ ይሂድ። አባ ለገሰራው ሰውዬ ይመልስለታል።"

"ለምን ይሄዳል?"

"አንቺ እንድትቀሪ።"

የያዘችው ሹራብ ከእጇ ወደቀ። ሳታነሳው፣ "ሉሉ እንዳትሄድብሽ ነው አይደል?" አለችኝ።

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ሉሉን አየኋት፤ ፍራሹ ላይ ሆና መዳፏን ትልሳለች። የእኔ ክንድ በፋሻ ተጠቅልሏል።

"ሉሉም ከፈለገች ትሂድ" አልኩ። "አንቺ ግን አትሂጂ። አንቺ ከሄድሽ ከትምህርት ቤት ስመጣ ከማን ጋር ነው የማወራው?"

ሰርክአዲስ ሻንጣው ላይ ዘፍ አለች። አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ዞር ስል እማ ከኋላዬ ቆማለች፤ አባም ከእሷ ኋላ።

"ንገሪያት" አለች እማ።

"አልችልም ሸዋዬ።"

እማ ነጠላዋን ሰብስባ ከፊቴ ቁጢጥ አለች። ሁለቱን ትከሻዬን ያዘች።

"ፌቤ፣ ስሚኝማ። አንቺን የወለደችሽ ሰርኬ ናት። እሷ እናትሽ ናት። ለሥራ ስትሄድ ለእኔ ሰጠችሽ፤ እኔ አሳደግኩሽ።"

አሰብኩበት። "አንቺስ? እናቴ አይደለሽም?"

እማ ትከሻዬን ይበልጥ ጨበጠች። የመለሰችልኝ ሰርክአዲስ ናት።

"ናት! እሷማ እናትሽ ናት። እኔ የመጣሁት ከእሷ ልወስድሽ አይደለም የኔ ሆድ። ልጨመር ነው።"

"ሁለት ናችሁ ማለት ነው?"

"ሁለት ነን" አሉ፤ እኩል ነው ያሉት።

ሁለት መሆናቸው መጥፎ ወሬ ሆኖ አልታየኝም። ጅሩ ያለችው እናት አንድ ናት፤ እሷም ቁጡ ናት። ትልልቆቹ ለምን እንደዚያ እንደሚያለቅሱ ግራ ገባኝ። አባ እንኳ ፊቱን ወደ ጥዱ አዙሮ አፍንጫውን ይጠርጋል። ለካ በዚህ መሃል ገመዱን ለቅቄዋለሁ። ዳማ ገብቶ ፍራሹ ጎን ተዘርግቷል፤ ሉሉ ከላይ አንገቷን አስግጋ ቅባት ያለበትን አፍንጫውን ታሸታለች። ስንት የደከምንበት ነገር ማንም ሳያየው አለቀ። ልነግራቸው ስል የባሰ ጥያቄ መጣብኝ።

"እናቴ ከሆነች ታዲያ ለምን እዚህ ትተኛለች? ይሄ ቤት እኮ ያፈሳል።"

አባ "ኤዬ፣ እውነቷን ነው" አለና ሉሉን በአንድ እጁ አንስቶ ወለሉ ላይ አስቀመጣት። ፍራሹን ጠቅልሎ ተሸከመና ጭቃውን አቋርጦ ወደ ትልቁ ቤት ሄደ። ሁላችንም ተከተልነው። ሳሎኑ መሃል ሲደርስ ቆመ።

"የት ላድርገው?"

እማ እኔን አየችኝ። "ከእኔ አልጋ ጎን" አልኩ።

ፍራሹ ተዘረጋ። እማ ገብታ የራሷን ብርድ ልብስ ከአልጋዋ ላይ ገፍፋ አመጣችና አለበሰችው፤ ጥግ ጥጉን በመዳፏ አስተካከለች።

"በይ ጋደም በይ" አለቻት እህቷን። "ከመጣሽ እንቅልፍ አልተኛሽም።"

ገና ቀትር ነበር። ሰርክአዲስ የፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ብርድ ልብሱን ጭቃ እንዳታስነካው እግሯን ወደ ወለሉ ዘርግታ እኔን ታየኛለች። አጠገቧ ቁጭ አልኩና የጫማዋን ማሰሪያ ፈታሁት። ከዚያ ጫማዋን አወለቅኩላት።